ሳይዘሉ መዝለል
(ስለ ምርኩዝ ዝላይ ውድድር ሥርዐት)

ከጥቂት ቀናት በፊት፣ ከእራት በኋላ በመኝታ ክፍላችን ተሰብስበን ስንጫወት አንድ ክርክር ተነሣና እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ሳያስተኛን ቀረ። መነሻው እጅግ ትንሽ ነገር ነበር። አንዱ ጓደኛችን ስለ ጥንቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲያወራ፣ «አሜሪካዊው ፍሬድ ሐንሰን 5 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትርን ዘለለውና በ5 ሜትር ከ10 ወርቁን ወሰደ» አለ። ከመካከላችን ግማሾቹ ሰውየው 5 ሜትር ከ5ን በምርኩዙ ተነሥቶ ከላይ ተሻገረው ማለቱ መሰለን። የቀሩት ደግሞ ሳይሞክረው ትቶት አለፈ ማለቱ ነው ብለው ተረዱ። ጥፋቱ የተናጋሪው አልነበረም። ቋንቋችን ለሁለቱም ነገር አንድ ግሥ ስለ ሰጠን ነው፤ አጥርም ይዘለላል፣ የመጽሐፍ ገጽም ይዘለላል።

ነገሩ ተጣርቶ ሐንሰን ያን ከፍታ ሳይሞክረው እንዳለፈ ሲታወቅ ክርክሩ ይበርዳል ብለን ስንጠብቅ ይልቁንም ጋለ። «እንዴት ተደርጎ ነው ያልሞከረው ሰው የሞከረውንና የተሻገረውን ሰው የሚያሸንፈው?» አለ አንዱ። ሌላው፣ «ይህማ ሽሽት ነው እንጂ ስፖርት አይደለም» ሲል ተቆጣ። ሦስተኛው፣ «ሕጉ ከፈቀደለት ምን አጠፋ?» ብሎ ተከራከረ። እኛም ክርክሩን በጩኸት ከመጨረስ ይልቅ የምርኩዝ ዝላይ ሥርዐት ምን እንደሚመስል ለማኅበራችን መጽሔት አንባብያን አብራርተን ፍርዱን ለራሳቸው ለመተው አሰብን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዳግመኛ እንዳንሳሳት፣ አግዳሚውን ዘንግ ከላይ ማለፍን «መሻገር»፣ ሳይሞክሩ መተውን «ማሳለፍ» እንለዋለን።

ምርኩዝ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሽማግሌ ይደገፈዋል፣ መንገደኛ ወንዝ ሲሻገር የውኃውን ጥልቀት ይለካበታል። በአውሮፓም ጨዋታው የተወለደው ከዚሁ ዓይነት ችግር ነው። በሆላንድና በእንግሊዝ አገር ረግረጋማ ሜዳዎች ሰዎች ከቦይ ወደ ቦይ ለመሻገር ረዥም እንጨት ይዘው ይዘሉ ነበር። ያን ጊዜ የሚፈለገው ርቀት ነበር። በኋላ ግን ዝላዩ ወደ ላይ ዞረና ከ1896 ከመጀመሪያው የአቴና ኦሊምፒክ ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) ከወንዶች ውድድሮች አንዱ ሆነ።

የአዘላለሙ ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው። ዘላዩ ምርኩዙን በሁለት እጁ ይዞ 40 ሜትር ያህል በሚሆነው መንደርደሪያ ላይ በሙሉ ፍጥነት ይሮጣል። በመንደርደሪያው መጨረሻ በመሬት ውስጥ የተቀበረ፣ ወደ ታች 20 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ሣጥን አለ። የምርኩዙን ጫፍ እዚያ ይተክላል፣ በአንድ እግሩ ይነሣል፣ ምርኩዙ ሲጎብጥ በላዩ ላይ ተንጠልጥሎ እግሮቹን ወደ ሰማይ ያነሣል፣ ምርኩዙ ሲቃና ተገልብጦ ወደ ላይ ይወረወራል፣ ፊቱን ወደ ዘንጉ አዙሮ ይሻገርና ምርኩዙን ወደ ኋላ ገፍቶ ይለቃል። ይህ ሁሉ ከተነሣ በኋላ የሚፈጀው ጊዜ ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ ድረስ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ዘንጉን ቢነካው እንኳ እስካልወደቀ ድረስ ጥፋት የለበትም። በእጁ ይዞ ከመውደቅ ማዳን ግን አይፈቀድለትም። ከመሬት ከተነሣ በኋላም በታችኛው እጁ ከላይኛው እጁ በላይ እየያዘ ምርኩዙን እንደ ዛፍ መውጣት ክልክል ነው።

ይህ ከፍታ ከየት ይመጣል? የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ቢሳሳቱ ያርሙን ብለን አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ሯጩ በፍጥነቱ ያከማቸው ኀይል ሁሉ ወደ ከፍታ ቢለወጥለት የሚወጣበትን ልክ ለማግኘት ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ ለ19.6 ማካፈል ነው። በሴኮንድ 9 ሜትር የሚሮጥ ሰው 4.13 ሜትር ይወጣል። በሴኮንድ 10 ሜትር የሚሮጥ 5.10 ሜትር ይወጣል። የሰው ክብደት መካከሉ ገና ከመነሻው ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ይህን እንጨምርለት። ከዚህ በላይ የሚገኘው በክንድ ግፊትና በአካል አጣጣል ብልሃት ነው። እንግዲህ ምርኩዙ ከራሱ አንዳች ኀይል አያመነጭም። ሥራው እንደ ገንዘብ ቤት ነው፤ ሲጎብጥ የሯጩን ኀይል ያስቀምጥለታል፣ ሲቃና ይመልስለታል፣ ያላስቀመጠውን ግን አይሰጠውም። ይህን ነገር አንባብያን በልባቸው ይያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ክርክራችን ሥር እንግባ። በሩጫ ውድድር ጥያቄው አንድ ነው፤ ማን ቀድሞ ደረሰ? በምርኩዝ ዝላይ ግን ጥያቄው ከፍታው በጨመረ ቁጥር እየታደሰ ይቀርባል። ዳኞቹ የዘንጉን ከፍታ አስቀድመው በተወሰነ ተራ ከፍ ያደርጋሉ። ለእያንዳንዱ ከፍታ ዘላዩ እስከ ሦስት ጊዜ መሞከር ይችላል። በተከታታይ ሦስት ጊዜ የሳተ ይወጣል። ከየትኛው ከፍታ እንደሚጀምር ግን የሚወስነው ራሱ ነው፤ ከጀመረም በኋላ የፈለገውን ከፍታ ማሳለፍ መብቱ ነው። በውጤት መዝገቡ ላይ የተሻገረው በክብ ምልክት፣ የሳተው በመስቀለኛ ምልክት፣ ያሳለፈው በሰረዝ ይጻፋል። ብዙ ተመልካች ሰረዟን እንደ ባዶ ቦታ ያልፋታል። ለዚህ ውድድር ግን ከሦስቱ ምልክቶች እጅግ የምታስጨንቀው እርሷ ነች።

ለምን ቢሉ ማሳለፍ ነፃ ስጦታ ስላልሆነ ነው። ዋጋው ሦስት ዓይነት ነው። በመጀመሪያ፣ ያሳለፉት ከፍታ አይቆጠርም፤ ዘላዩ በውጤቱ የሚታወቀው በመጨረሻ በተሻገረው ከፍታ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የሚቀጥለው ጥያቄ ካሳለፉት ይልቅ የከበደ ነው። ሦስተኛ፣ ስሕተት አብሮ ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ ስቶ ቀሪውን ያሳለፈ ሰው በሚቀጥለው ከፍታ ላይ የሚቀሩት ሁለት ሙከራዎች ብቻ ናቸው፣ ሁለት ጊዜ ስቶ ያሳለፈ ደግሞ አንድ ብቻ። በአንጻሩ ትርፉ ጉልበት ነው። እያንዳንዱ ዝላይ እግርን፣ ትከሻንና መንፈስን ያደክማል፤ ውድድሩም ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ዘላዩ በልቡ የሚያሰላው ይህን ነው፤ ለዛሬዋ ትንሽ ከፍታ ጉልበቴን ላውጣ ወይስ ለነገዋ ትልቅ ከፍታ ላቆያት?

ሁለት ሰዎች በእኩል ከፍታ ቢቀሩስ? ያን ጊዜ የሚቆጠረው ስሕተት ነው። ዳኞቹ በመጀመሪያ በመጨረሻ በተሻገሩት ከፍታ ላይ ማን ጥቂት ጊዜ እንደ ሳተ ይመለከታሉ። በዚህም እኩል ከሆኑ ከውድድሩ መጀመሪያ አንሥቶ እስከዚያ ከፍታ ድረስ ያሉትን ስሕተቶች በሙሉ ይደምራሉ። ምሳሌ እንስጥ። ሀ፣ ለ እና ሐ የሚባሉ ሦስት ዘላዮች አሉ እንበል። ሀ 5.60ን በመጀመሪያ ሙከራ፣ 5.70ን በሁለተኛ፣ 5.80ን በሁለተኛ ተሻገረ። ለ 5.60ን አሳለፈ፣ 5.70ን በመጀመሪያ፣ 5.80ን በሁለተኛ ተሻገረ። ሐ 5.60ን በመጀመሪያ ተሻገረ፣ 5.70ን አሳለፈ፣ 5.80ን በሦስተኛ ተሻገረ። ሦስቱም 5.90 ላይ ሦስት ጊዜ ስተው ወጡ። ሁሉም በ5.80 እኩል ናቸው። በ5.80 ላይ ሀ እና ለ አንድ አንድ ጊዜ ሲስቱ ሐ ሁለት ጊዜ ስቷል፤ ስለዚህ ሐ ሦስተኛ ነው። በጠቅላላው ሀ ሁለት ጊዜ፣ ለ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ሳቱ አንደኛነቱ የለ ነው። በ5.90 የሳቷቸው ሦስቱ ሙከራዎች በዚህ ስሌት አይገቡም። እንግዲህ ለ ያሸነፈው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ሳይሆን ጥቂት ስቶ ነው፤ ጥቂት የሳተውም ጥቂት ስለ ሞከረ ጭምር ነው።

ይህ ስሌት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ቦብ ሲግረን፣ የምዕራብ ጀርመኑ ክላውስ ሺፕሮቭስኪና የምሥራቅ ጀርመኑ ቮልፍጋንግ ኖርድቪግ ሦስቱም 5.40 ሜትር ተሻገሩ። ወርቁን፣ ብሩንና ነሐሱን የለየው የሳቱት ብዛት ነበር። ወርቁ ለሲግረን ሆነ።

እንግዲህ ወደ ቶኪዮ እንሂድ። ዕለቱ ጥቅምት 7 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 17 ቀን 1964 ነበር። ስታዲየሙ የእኛው አበበ ቢቂላ ከአራት ቀን በኋላ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ጨርሶ ሁለተኛውን ወርቁን የወሰደበት ያው ስታዲየም ነው። ፍሬድ ሐንሰን ያን ጊዜ የ23 ዓመት ወጣት፣ በቴክሳስ የራይስ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር 5.28 ሜትር ተሻግሮ የዓለምን ክብረ ወሰን ይዞ ነበርና ያሸንፋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ሸክሙ ግን የእርሱ ብቻ አልነበረም። ከ1896 ጀምሮ በተደረጉት ኦሊምፒኮች ሁሉ የወንዶች ምርኩዝ ዝላይ ወርቅ ከአሜሪካ እጅ ወጥቶ አያውቅም። እርሱ ከተሸነፈ የሚሰበረው የአንድ ሰው ስም ብቻ ሳይሆን ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየ ሰንሰለት ነበር።

ውድድሩ ከቀትር በኋላ ተጀመረ። ፀሐይ ጠለቀች፤ መብራት በራ፤ ዘንጉ ግን ገና ከፍ እያለ ነበር። በመላው ዘጠኝ ሰዓት ያህል ፈጀ። የመጡት አንድ በአንድ ወጡ፤ ከሐንሰን ጋር የመጡት ሌሎቹ አሜሪካውያንም ቀድመውት ወጡ። 5.00 ሜትርን ከተሻገሩት መካከል ከእርሱ ጋር የነበሩት ቮልፍጋንግ ራይንሃርት፣ ክላውስ ሌኔርትዝና ማንፍሬድ ፕሮይስገር ነበሩ። ሦስቱም ጀርመኖች ናቸው፤ ያን ጊዜ ምዕራብና ምሥራቅ ጀርመን በአንድ የኦሊምፒክ ቡድን ይሰለፉ ነበር።

ዘንጉ ወደ 5.05 ሲወጣ ሐንሰን እጁን አልዘረጋም፤ አሳለፈ። ራይንሃርት ሞከረና ተሻገረ። ሌኔርትዝና ፕሮይስገር በ5.00 ቀሩ። በዚያች ደቂቃ የመዝገቡ ፍርድ ግልጽ ነበር፤ የሚመራው ራይንሃርት ነው። የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤቱ ሐንሰን ከ5.00 በላይ አንዳች የለውም። የሚቀጥለውን ከፍታ ቢስት ብሩ እንኳ አይጠብቀውም ነበር፤ በ5.00 ከቀሩት ሁለት ጀርመኖች ጋር ተደባልቆ ስሕተቱ እየተቆጠረ ቦታው ይለይ ነበር። እዚህ ላይ ነው የጓደኛችን ቃል ትክክል አለመሆኑ የሚታየው። የሚሸሽ ሰው ከአደጋ ይርቃል፤ ሐንሰን ግን በማሳለፉ ወደ አደጋው ቀረበ።

ዘንጉ ወደ 5.10 ወጣ። የቀሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሐንሰን ሳተ፤ ራይንሃርትም ሳተ። ሐንሰን ዳግመኛ ሳተ፤ ራይንሃርትም ዳግመኛ ሳተ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ሙከራ ቀረ። ለራይንሃርት ሁለቱም ቢስቱ ይበቃው ነበር፤ ወርቁ በ5.05 የእርሱ ነው። ለሐንሰን ግን የዘጠኝ ሰዓቱ ድካምና ያሳለፋት ያቺ 5 ሳንቲ ሜትር ዕዳ በአንድ ሩጫ ላይ ተሰበሰቡ። ሮጠ፣ ተከለ፣ ተነሣ፣ ተሻገረ። ራይንሃርት በመጨረሻው ሙከራው ሳተ። ውጤቱም ሐንሰን 5.10፣ ራይንሃርት 5.05፣ ሌኔርትዝ 5.00 ሆነ። ሰንሰለቱ ለጊዜው ተረፈ፤ በ1972 በሙኒክ ያን ጊዜ በሜክሲኮ ሦስተኛ የወጣው ኖርድቪግ 5.50 ሜትር ተሻግሮ እስኪበጥሰው ድረስ።

ሐንሰን ለምን አሳለፈ ብለን ብንጠይቅ ሒሳቡ አይከብድም። ተቀናቃኝ አንድን ከፍታ በጥቂት ሙከራ ከተሻገረ በኋላ ያንኑ ከፍታ በብዙ ሙከራ መሻገር መሪነቱን አይመልስም፤ ጉልበት ግን ይበላል። ለማሸነፍ የግድ ከእርሱ በላይ መውጣት ያስፈልጋል። ከወጡም ዘንድ ጉልበት ባለበት ሰዓት መውጣት ይሻላል። ነገር ግን ሒሳቡ ትክክል መሆኑ ውጤቱን አያረጋግጥም። ሐንሰን ሦስተኛውን ሙከራ ቢስት ኖሮ ዛሬ ስሙ የሚነሣው በብልህነቱ ሳይሆን በእብሪቱ ይሆን ነበር።

እንዲህ ያለ ዕጣ የደረሰበትም ሰው አለ፤ ያውም ከሁሉ የሚበልጠው። የዩክሬኑ ሰርጌይ ቡብካ በ1983 በሄልሲንኪ በተደረገው በመጀመሪያው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ገና በ19 ዓመቱ 5.70 ሜትር ተሻግሮ አሸነፈ። ከዚያ ወዲያ የዓለምን ክብረ ወሰን ብዙ ጊዜ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር እየጨመረ ከፍ አደረገው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረታችን ለእርሱ የተተረተ ይመስላል። 6 ሜትርን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሻገረው ሰው እርሱ ነው፣ በ1985። በ1992 ወደ ባርሴሎና ኦሊምፒክ ሲመጣ ማን ሁለተኛ ይወጣል ከማለት በቀር ስለ አንደኛው የሚከራከር አልነበረም። ቡብካ ዝቅተኞቹን ከፍታዎች ሁሉ አሳልፎ በ5.70 ጀመረ። ሳተ። ዳግመኛ ሳተ። ቀሪዋን ሙከራ ለ5.75 አሳለፋት። እዚያም ሳተ። ሦስት ተከታታይ ስሕተት ሆነና ወጣ። በመዝገቡ ላይ ከስሙ አንጻር አንዲት ከፍታ እንኳ አልተጻፈለትም። ከእርሱ እጅግ ያነሰ ከፍታ የተሻገሩ ሰዎች ቦታ ሲያገኙ እርሱ ቦታ አጣ። ወርቁን ማክሲም ታራሶቭ በ5.80 ወሰደ። ያው ሰረዝ ሐንሰንን በቶኪዮ አነሣው፤ ቡብካን በባርሴሎና ጣለው።

በክርክራችን መካከል አንድ ሌላ ጓደኛ ያነሣውን ነገር ሳንመልስ ብናልፍ ቅር ይለዋል። «ቀድሞስ ቢሆን የሚዘለው ሰውየው ነው ወይስ ምርኩዙ?» ብሎ ነበር። ጥያቄው በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ያነሣው ጥያቄ ነው። አሜሪካዊው ኮርኔሊየስ ዋርመርዳም በ1942 በቀርከሃ ምርኩዝ 4.77 ሜትር ተሻገረ። ይህን ክብረ ወሰን በአንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ለማሻሻል 15 ዓመት ፈጀ፤ ቦብ ጉቶቭስኪ በ1957 በብረት ምርኩዝ 4.78 ሜትር ተሻገረ። በ1960 ክብረ ወሰኑ 4.80 ነበር። ከዚያ ከመስታወት ክር የሚሠራው ፋይበር ግላስ መጣና በአራት ዓመት ውስጥ ክብረ ወሰኑ በ48 ሳንቲ ሜትር አድጎ 5.28 ደረሰ። በሮም በ1960 ዶን ብራግ በ4.70 ሲያሸንፍ በቶኪዮ በ1964 ሐንሰን ያሸነፈው በ5.10 ነው። ብዙዎች ይህ ወንጭፍ ነው እንጂ ዝላይ አይደለም አሉ።

በበኩላችን መልሱ ቀደም ብለን ባስቀመጥነው ሒሳብ ውስጥ አለ እንላለን። ደረቁ ምርኩዝ ሲተከል የሯጩን ኀይል ከፊሉን በግጭት ያባክንበታል፣ ትከሻውንም ይመታዋል። የሚጎብጠው ግን ኀይሉን ተቀብሎ ሳያባክን ይመልስለታል፤ ከፍ አድርጎም እንዲይዘው ያስችለዋል። ስለዚህ አዲሱ ምርኩዝ ብዙ ላስቀመጠ ብዙ መለሰ። ፍጥነትና ድፍረት የሌለው ሰው በእርሱ ላይ ቢንጠለጠል ወደ መንደርደሪያው መልሶ ይጥለዋል። ሕጉም እስከ ዛሬ ምርኩዙ ከማንኛውም ነገር እንዲሠራ፣ በፈለጉት ርዝመትና ውፍረት እንዲሆን ይፈቅዳል። ሕጉ መሣሪያውን እንዲህ ነፃ ከለቀቀው በሰዎቹ መካከል ልዩነት የሚያመጣው አሯሯጥ፣ አተካከልና ውሳኔ ነው።

ታሪኩ በዚያው በቶኪዮ መሬት ላይ ሌላ ምዕራፍ አለው። የ1964ቱ ስታዲየም ፈርሶ በቦታው አዲስ ተሠርቷል። በዚህ በአዲሱ ስታዲየም መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025 በዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የወንዶች ምርኩዝ ዝላይ ፍጻሜ ተደረገ። ግሪካዊው ኤማኑኤል ካራሊስ 6.00 ሜትር ተሻግሮ ሁለተኛ ሆነ። ስዊድናዊው አርማንድ ዱፕላንቲስ ወርቁን ካረጋገጠ በኋላ ዘንጉን ወደ 6.30 አስወጣ። ሁለት ጊዜ ሳተ። በሦስተኛው ተሻገረ። ለዓለም ክብረ ወሰን 14ኛ ጊዜው ነበር፤ በ2020 ከ6.17 ጀምሮ እንደ ቡብካ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ሲጨምር ቆይቶ ነው። ሐንሰን ወርቅ ከወሰደበት ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል።

ሁለቱም በዚያው ቦታ በሦስተኛው ሙከራ ተሻገሩ። ነገር ግን ሁለቱ ሦስተኛ ሙከራዎች አንድ አይደሉም። ዱፕላንቲስ ቢስት የሚያጣው ክብረ ወሰን ብቻ ነበር፤ ወርቁ በኪሱ ነው። ሐንሰን ቢስት ሁሉን ያጣ ነበር። በከፍታ ብንለካ የ2025ቱ ይበልጣል፤ በዚያች ደቂቃ በነበረው ሸክም ብንለካ ግን የ1964ቱን የሚያህል አይገኝም እንላለን።

እንግዲህ ለጓደኞቻችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ማሳለፍ ሽሽት ነው ላለው፣ አይደለም እንለዋለን፤ በምርኩዝ ዝላይ ያሳለፉት ከፍታ አይጠፋም፣ ዕዳ ሆኖ ከሚቀጥለው ከፍታ ላይ ይደረባል። ሕጉ ከፈቀደ ምን አለበት ላለውም፣ ነገሩ በዚህ አያበቃም እንለዋለን፤ ሕጉ ማሳለፍን ለሁሉም ፈቅዷል፣ ዕዳውን የመክፈል አቅም ግን ለማንም አልሰጠም። ያን አቅም ዘላዩ ራሱ ይዞ መምጣት አለበት። ሐንሰን ከፈለ። ቡብካ ያን ቀን መክፈል አቃተው። ሁለቱም ግን ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ እኛ አንዱን ብልህ፣ ሌላውን ትዕቢተኛ የምንለው ውጤቱን ካየን በኋላ ነው። ይህ ፍርድ የተመልካች ፍርድ እንጂ የዘላይ ፍርድ አይደለም። ዘላዩ ሲወስን ውጤቱ ገና አልተጻፈም።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ አንዱ ጓደኛችን ከጀርባችን ቆሞ ሲያነብ ቆየና ሳቀ። «እኛስ ፈተና ላይ ከባዱን ጥያቄ እየዘለልን አይደለም ወይ?» አለን። እውነቱን ነው፤ እዚያም ያው ግሥ ነው። ልዩነቱ ግን እኛ የምንዘለው ከባዱን ጥያቄ ሲሆን የምርኩዝ ዘላዩ የሚዘለው ቀላሉን ነው። የኛው የተዘለለ ጥያቄ ባዶ ወረቀት ላይ ይቀራል፣ የእርሱ ግን የበለጠ ከብዶ ይጠብቀዋል። የፈተናው ሰሞን ስለ ቀረበ በዚህ ላይ ብዙ መናገር አንፈልግም።

የሚቀጥለው የዓለም ሻምፒዮና ወይም ኦሊምፒክ ሲመጣ የአገራችን ልጆች የሚሮጡበትን ሰዓት እንደ ልማዳችን ተሰብስበን እንጠብቃለን። ውድድሩ እስኪጀመር ግን ምስሉ ወደ ምርኩዝ ዝላዩ ሜዳ ዞር ሲል አብረን እንይ። ከመዝለያው አጠገብ ከሚታየው የውጤት ሰሌዳ ላይ ክቡንና መስቀሉን ብቻ ሳይሆን ሰረዟንም እንፈልጋት። እርሷን ባየን ጊዜ አንድ ሰው ትንሹን ነገር ትቶ በትልቁ ላይ ራሱን እንዳስያዘ እንወቅ፤ ከዚያም ዕዳውን ሲከፍል ወይም ሲያቅተው እስከ መጨረሻው ሙከራ እንቆይ።